ከሰበታ ሱሉልታ የይቅርታ ድንጋይ ይዤ

ሰበታ፣ ረቡዕ ጠዋት

በሩን ስከፍት ደጃፌ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተቀምጧል። የወንድ ነው፤ ማሰሪያው ተበጥሷል፤ ደም ደርቆበታል። ሰው የጣለው እንዳይመስላችሁ፤ አፍንጫው ወደ ቤቴ ዞሮ፣ ተስተካክሎ ነው የተቀመጠው። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ቤታችንን አውቀውታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጄ ሀብታሙ ቡራዩ ላይ በባጃጁ አንድ ሰው ገጨ። ገመቹ ይባላል፤ የሱሉልታ ልጅ ነው፣ ቡራዩ በግንበኝነት ይሠራል። እግሩ ተሰበረ። ሀብታሙ ደንግጦ ሰውየውን መሬት ላይ ጥሎት ሸሸ። በማግሥቱ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፣ በዋስ ወጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። የገመቹ ወንድሞች ግን መግጨቱስ ይሁን፣ እንደ ውሻ ጥሎት መሄዱን አንተውለትም ማለታቸውን ሰምተናል። አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ነው ያለኝ።

ጫማውን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ዘውዴ ሮጥኩ። ልጁን ዱከም እህቴ ዘንድ ልደብቀው ነው፣ በጸሎት ያስቡን አልኳቸው። ጫማውን ገልጠው አዩት። ከዚያ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

"ወለተ ሥላሴ፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ። ልጁን ቢያዩት ደማቸው ይፈላል፤ መጀመሪያ አንቺ ሂጂ። እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ አንገትሽ ላይ ጫኚና ከአስፋልቱ እስከ ደጃቸው በእግርሽ ግቢ።"

እኔ አሥራ አምስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የምጠርግ ሰው ነኝ። ይህንን አነሳሁባቸው። እግዚአብሔር አገልግሎቴን አይቶ ልጄን አይጠብቅልኝም ወይ አልኳቸው።

"መጥረጊያውን መርጠሽ ነው የያዝሽው" አሉኝ። "ድንጋዩን ግን አልመረጥሽውም። መታዘዝ ማለት እሱ ነው።"

ቤት ተመልሼ ዘንቢል አነሳሁ። ሀብታሙ እኔ ልሂድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ አለቀሰ። ከቤት እንዳትወጣ ብዬ አስማልኩት። ከጓዳ ለእጅ የሚመች ለስላሳ ድንጋይ መርጬ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩ። ሰው እንዳያይብኝ ነው።

ቡራዩ፣ ረፋድ

በአየር ጤና አድርጌ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። የሚኒባሱ ረዳት ዘንቢሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ እናቴ ይሄ ወርቅ ነው እንዴ፣ ወንበር ይዟልና ሃያ ብር ይከፈልበት አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ከፈልኩ፤ ልፍታና ልየው እንዳይለኝ ነው የፈራሁት።

ቡራዩ የወረድኩት የገመቹን ቤተሰብ ቤት ያሳዩኛል ብዬ ሐጂ ኑሩን ፍለጋ ነው። ያን ቀን ገመቹን ከመሬት አንስተው በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አስፋልቱ ዳር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ፤ ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የገጪው እናት ነኝ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስነግራቸው ግን ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይና ቦምቦሊኖ አስመጡ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነኝ፣ ገና አልፈታሁም አልኳቸው።

"እኔ የምጾመው ሰኞና ሐሙስ ነው" አሉ። "ነገ ብትመጪ ኖሮ አብረን እንራብ ነበር።"

ከዚያ ድንጋዩን አሳዪኝ አሉኝ። ነጠላውን ፈታሁላቸው። ትንሽ አዩት፤ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"እህቴ፣ ይሄኮ መጅ ነው። ይሄን ይዘሽ ብትገቢ በርበሬ ልታስፈጪ የመጣሽ ይመስላቸዋል።"

እውነትም የወፍጮዬ መጅ ነው። በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ወዲያው ለቅሶ ሆነብኝ። ሐጂ ሳቃቸውን ተዉ። መጅ ቤተሰብ የሚያበላ ድንጋይ ነው፣ ለይቅርታ የሚሆነው ማንም ያልዳሰሰው፣ የሚቆረቁር የሜዳ ድንጋይ ነው አሉኝ። ደግሞም ሽማግሌ ሳይዙ ደጅ መምታት ድፍረት ነውና አብሬሽ እሄዳለሁ ብለው ሱቁን ለባለቤታቸው ሰጡ። መጁን እዚያው ትቼ ተነሣን።

ሱሉልታ፣ ከቀትር በኋላ

ከአዲሱ ገበያ ሌላ ሚኒባስ ያዝን። ዳገቱን ባሕር ዛፉ መሐል እየተጠማዘዘ ወጣ፤ ብርዱ በመስኮት ገባ። ሐጂ እግረ መንገዳቸውን አንድ የኦሮምኛ ቃል አስጠኑኝ፤ "ዲፈማ ናፍ ጎዻ"፣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ጋራውን ስናልፍ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ። አረንጓዴ ነው፣ ወሰን የለውም፤ የደመናው ጥላ በላዩ ይሄዳል። ከብቶቹ እንደ ተበተነ ጤፍ ደቅቀው ይታያሉ። ይህንን ሁሉ በቃሉ የዘረጋ አምላክ፣ እኔ አንገቴን ዝቅ ለማድረግ ስንት ሰበብ ደረደርኩበት አልኩ በልቤ።

ወረድን። ሐጂ ከመንገዱ ዳር ጥቁር፣ ሸካራ ድንጋይ አሳዩኝ። አካባቢው ገበያተኛ ይርመሰመስበታል። እስከ ቤቱ በባጃጅ ሄደን በራፉ ላይ ብጫነውስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ቄሱ ከየት ነው ያሉሽ?"

"ከአስፋልቱ።"

"ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?"

ጫማዬን አወለቅሁ። ሐጂ ድንጋዩን አንስተው ማጅራቴ ላይ ጫኑኝ። ከበደኝ፤ ጠርዙ ሥጋዬን ያዘ። መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ። አንድ ባለ ባጃጅ፣ እማማ ባጃጅ እያለ በራስ ጭነት ምን ነው ብሎ ተሳለቀብኝ። ጠጋ ሲል ምን እንደሆነ ገባው። ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እስከምሞት አልረሳውም። መንገዱ ጸጥ አለ። ኩበት የተሸከመች ሴት ሸክሟን አውርዳ ዳር ቆመች። እግሮች ብቻ ነው የማየው፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ እየሆኑ መንገድ ይለቁልኛል። እኔ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ከሰበታ ጀምሬ ደብቄ የመጣሁት ነገር፣ ሰዉ ሁሉ የሚያከብረው ነገር ኖሯል። ለእኔ አልነበረም ክብሩ፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቁም። እግዚአብሔር በዚያ መንገድ ላይ አብሮን የሚሄድ መሰለኝ።

የገመቹ አባት የኦቦ ቶሎሳ ግቢ ስንደርስ ተንበረከክሁ። ሐጂ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ማን እንደሆንኩ ተናገሩ። ትልቁ ወንድም ዱላውን ይዞ መጣ፤ እግሩ አፍንጫዬ ሥር ቆመ።

"ጫማው ደረሰሽ?" አለኝ።

ደርሶኛል አልኩት። ልጁን ለምን አላመጣሽውም፣ ሴት ፊት አድርጎ ይደበቃል ወይ አለ። ነገ ሀብታሙን መንገድ ላይ የሚያገኘው ይሄ እግርና ይሄ ዱላ ነው። ያጠናሁት ቃል ጠፍቶኝ ነበር፤ እንደምንም መጣልኝ። "ዲፈማ ናፍ ጎዻ።"

ኦቦ ቶሎሳ ልጃቸውን ገለል በል አሉት። ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

"ድንጋዩ የኔ አይደለም፤ እኔ አላነሳውም" አሉ። "አስፋልት ላይ የተጣለው ገመቹ ነው። ከፈለገ እሱ ያንሳው፤ ካልፈለገም እኛ አናስገድደውም።"

ጠበቅን። ከውስጥ የክራንች ድምፅ መጣ፣ እየቆመ፣ እየተነሣ። ጄሶ ያለበት እግር አየሁ። ገመቹ ብዙ ቆመ። ምን እያሰበ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ በልቤ የልጄን ስም ብቻ ነበር የምጠራው።

ድንጋዩን በአንድ እጁ ሞከረው፤ አልቻለም። ወንድሙ ሊረዳው ሲጠጋ ተወኝ አለው። ክራንቹን ጣለ። ያለ ክራንች መቆም አይችልምና ትከሻዬን ተደገፈ፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ድንጋዩም እሱም አንድ ላይ ከበዱኝ፤ ፊቴ መሬት ሊነካ ደረሰ። ልጄ ጥሎት የሄደውን ሰው እኔ ተሸከምኩት። እንደዚያ ተደግፎኝ ድንጋዩን አንስቶ ወረወረው።

"ይነሱ፣ እናቴ" አለኝ።

መነሣት አልቻልኩም። እናቱ መጥታ አነሣችኝ፤ ማጅራቴን በመዳፏ አሸችልኝ። ከዚያ አንድ ገበታ ቀረብን፤ ለኛ የተልባ ፍትፍት፣ ለሐጂ ማር በዳቦ። ትልቁ ወንድምም ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ቀረበ፤ ትንሽ ቆይቶ በእጁ አጎረሰኝ። ኦቦ ቶሎሳ ፍርድ ቤቱ የራሱን ይሥራ፣ ደሙ ግን ቀርቷል፣ ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ነዪና ከገመቹ ጋር ይብሉ አሉኝ።

ሰበታ፣ አመሻሽ

ሐጂን አስኮ ላይ ተሰናብቼ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰበታ ወረድኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፣ ብዙ ማስተማር አልችልም። የተማርኩትን ግን ልጻፈው። አሥራ አምስት ዓመት ስጠርግ ሰው ቢያየኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለካ ያገለገልኩት ራሴንም ጭምር ነው። ዛሬ ማንም እንዳያየኝ የለመንኩበትን ሥራ ሠራሁ፤ እሱ የታዘዝኩት ነበር።

ሀብታሙ በሩን ከፈተልኝ። ማጅራቴን አይቶ ወንበር አቀረበልኝ። ማንም አይነካህም፣ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን አልኩት። ቤቴ ገብቻለሁ። ልጄ ደኅና ነው። እኔም ደኅና ነኝ።