የፓምፑ ጎማና የድሬዳዋው መጫኛ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ከትንሿ የባቡር ጣቢያችን የተነሳሁት መዳፍ ለማታክል ጎማ ስል ነው። የጉድጓዱ ፓምፕ ማሸጊያ ጎማ ተበጥሶ ሰፈሩ ሦስት ቀን ውሃ አላየም። የፓምፑ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ የት አባቱ! የጎረቤቴ የእማማ ፋጡማ ያለቻቸው አንዲት ላም በውሃ ጥም ትናንት መነሳት አቅቷታል። የተበጠሰውን ጎማ በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሬ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ተጓዝኩ።

ቀን 6 ሰዓት፣ ድሬዳዋ

መጋላ ገበያ ስጠይቅ ስጠይቅ ቆይቼ ጎማ የሚያትሙበትን ቤት አገኘሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። መደርደሪያው ላይ የጫማ ተረከዝ፣ የድስት እጀታና ጥቁር የመብራት ማብሪያ ተደርድሯል፤ ሁሉም የወጡት ጥሬውን በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቆ ከሚያበስል አንድ መጫኛ ነው። ሠራተኛው አብዱ፣ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ፣ «ሦስት ብር» አለኝ። አልተከራከርኩም። ለእኛ ዓይነቱ ፓምፕ የተሠራ የብረት ቅርጽ ነበረው፤ ተመስገን!

ቅርጹ ሁለት ክፋይ ነው። አብዱ ከጋለው ከታችኛው ክፋይ ላይ ጥሬ ጎማ አኖረ፣ የላይኛውን ከደነበት፣ የመጫኛውን ብሎን በሙሉ ጉልበቱ አጠበቀው። ትርፉ በጠርዙ ተጨምቆ ወጣ።

«ሰግጄ ስመጣ እንከፍተዋለን» ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ።

እኔ ለዕረፍት የወጣ መሰለኝ። ለካ የሰዓት መለኪያው ስግደቱ ኖሯል፤ ሄዶ ሰግዶ እስኪመለስ ጎማው ይበስላል። የመመለሻዬ ባቡር ሲጮኽ አላስቻለኝም፤ ብሎኑን ፈትቼ ከፈትኩት። ጎማው በአረፋ ተነፋፍቶ እጄ ላይ ተለጠፈ።

«አቦ! ምን ነካህ?» አለ አብዱ ተመልሶ። «ጫናው ቶሎ ከለቀቀው ይነፋል። ጥሬው የቀረኝ ለአንድ ብቻ ነው፤ ይሄም ከተበላሸ በቃ!»

ሁለተኛውን ሲጭን እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀበርኩ። ባቡሩ ሄደ። ይህኛው ጎማ ግን ጠንካራና ልሙጥ ሆኖ ወጣ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ሰፈሬ

በእህል ጫኝ መኪና ደረስኩ። የእማማ ፋጡማ ላም ደጃፋቸው ላይ ሞታ ተዘርራለች።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«አሁን፣ ሲነጋ።»

ትናንት ማታ መድረስ ስችል በገዛ እጄ እንዳበላሸሁት፣ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እሳቸው ግን ከኋላቸው የቆመችውን የላሟን ጥጃ ወደ ፊት ገፋ አደረጓት።

«ይህቺ አለች» አሉ። «ሂድ፣ ግጠመው።»

ጎማውን ሳልቸኩል ገጠምኩት። ከጉዞዬ የተማርኩት ይኸው ነው፦ የተቻኮልኩት እኔ፣ የከፈሉት እሳቸው። ውሃው ሲወጣ ሰው ሁሉ ገለል ብሎ መጀመሪያ ጥጃዋን አጠጣ።