ጆሮ ድምፅ እየቀዳ ነው

ጆሮን ከቀበርነው በኋላም ስልካችን ላይ ማውራቱን አላቆመም። ከዚህ ካልጀመርኩ የሚስቱን ነገር በቅጡ መናገር አልችልም፤ የምጽፈው ደግሞ ስለ እሷ ነው።

ጆሮ የወጣለት ስም ነው። የዱቄት ፋብሪካ ጄኔሬተር ጠባቂ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሚንቀጠቀጥ ብረት አጠገብ ተቀምጦ ሞተር ሲያመው ምን እንደሚል ለየ። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ አያወራም፣ ቢበዛ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ በችሎታው ስቀና ኖርኩ። ሞተር ሳይክል የምንወድ ሰዎች ሱቄ ደጃፍ ተሰብስበን ስንጨቃጨቅ፣ እሱ ገና ከሩቅ የሚመጣውን ሰምቶ “የዚህ ሰውዬ ሰንሰለት ላልቷል” ይለናል። ሰውዬው ደርሶ ሲወርድ ሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ እናገኘዋለን። ያበሳጫል።

ኋላ በስልክ ግሩፕ ከፈተልን። የሞተሩን ድምፅ ቀድቶ የላከ ሁሉ መልሱን በጆሮ ድምፅ ያገኛል። ሚስቶቻችን ነገሩን ሰሙ መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ጥያቄው ከሞተር ወደ ቤት ዕቃ ተሻገረ። አንዱ ስለ ፍሬን ሲጠይቅ ሌላው የፍሪጁን ማጉረምረም ይልካል፤ አንዱ የውሃ ፓምፕ፣ አንዱ ቬንትሌተር። ጆሮ ማንንም አይንቅም ነበር። “እስቲ ጠጋ አድርገህ ቅዳልኝ” ይላል፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን ይሰጣል።

የራሱን ልብ ግን አልሰማም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጄኔሬተሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ብሎ በቀብሩ ቀን የተረተ ሰው ነበር፤ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ግሩፑ ውስጥ “መዝገብ ቤት” የምንለው ፀጉር አስተካካይ አለ። ጆሮን እንደ ታላቅ ወንድሙ ነበር የሚወደው። ጆሮ የላከውን ድምፅ ሁሉ በየፈርጁ ለይቶ ስልኩ ላይ አስቀምጧል፤ የፍሬን ለብቻ፣ የባትሪ ለብቻ፣ የኩሽኔታ ለብቻ። (ኩሽኔታ የሚዞር ነገር መሃል የሚገባ ቀለበት ነው፤ በውስጡ ባሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች ላይ ነው ጎማ የሚሽከረከረው።) ጆሮ ከሞተ በኋላ ጥያቄ ሲመጣ መዝገብ ቤት መቀሱን ያስቀምጥና የሚመስለውን መልስ ፈልጎ ያወጣል። ያኔ ጆሮ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል። “ይህቺ ጤነኛ ናት፣ ንዳት።” “ይሄን ነገ ሳትል አስፈታው።” መጀመሪያ መጀመሪያ ስንሰማው እናለቅስ ነበር። ኋላ ለመድነው፣ ማመስገንም ጀመርን። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኛ ቀብረነው ይበልጥ አመንነው።

ያ ሁሉ ድምፅ የጆሮ ሚስትም ቤት ይገባ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፣ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። የባሏን ስልክ አልዘጋችውም፤ ስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ቻርጀር ሰክታበት እዚያው ይውላል። መልእክት ሲገባ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ እሷም እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ ታነሳለች። አንዱን ስትከፍተው ያልተሰሙት ሁሉ ተከታትለው ስለሚመጡ፣ ከፍታው ወደ ኩሽና ትሄዳለች።

“ድስት እያማሰልኩ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማዋለሁ” አለችኝ አንድ ቀን ልጠይቃት ብሄድ። “‘አቤት’ እላለሁ። አቤት ካልኩ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ።”

ወሬ ለመለወጥ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካውያ አየሁና “ተሠራ እንዴ?” አልኳት፤ ያ ካውያ እኔ እስከማውቀው ድረስ ግሎ አያውቅም።

“ለአንዱ ሲመክረው ሰምቼ ራሴ ፈታሁት። በሕይወቱ ሳለ ስለምነው ኖሬ ያልጠገነውን ሞቶ ጠገነልኝ!”

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቱ ግን አላማረኝም። የሱ ጃኬት በሩ ኋላ ተንጠልጥሏል፣ የራስ ቁሩ ከቁም ሳጥኑ ላይ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ተቀምጧል፤ መሃል ላይ ደግሞ ያ ስልክ። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማ ነው የዋለችው። ጎረቤቱ “እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!” አለ። ልጇ ከሩቅ እየደወለች “እማዬ፣ በናትሽ ስልኩን አጥፊው” ስትላት መልሷ አንድ ነው፦ “አባትሽን ነው አጥፊው የምትይኝ?”

እኔ አፌ አያርፍም። “ልጅሽ እውነቷን ነው እህቴ፣ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ አይሁንብሽ” አልኳት። በጨርቅ መለኪያው ሜትር ጫፍ በሩን አሳየችኝ።

ከዚያ በኋላ ደጇን ሳልረግጥ ቆየሁ፤ ያ ቀን እስኪመጣ።

ከግሩፑ አባላት አንዱ ፖስተኛ ነው፤ ገና ወጣት፣ ከሁላችንም ታናሽ። ደብዳቤና ዕቃ ጭኖ ያንን ረጅም ቁልቁለት እየወረደ ከታች ላሉት መንደሮች ያደርሳል። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል ነው። ያን ቀን ከመነሳቱ በፊት የፊት ጎማውን ድምፅ ቀድቶ ላከ። “ሲሄድ ‘ኡኡ’ ይላል፣ ስፈጥን ይብስበታል። ቁልቁለቱን ልወርድ ነው፣ ምን ትላላችሁ?”

መዝገብ ቤት አልዘገየም። “ኩሽኔታ ነው” አለ፤ ቀጥሎ የጆሮን ድምፅ ላከ። ከኋላው ዝናብ የሚመስል ነገር ይሰማል፣ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ፣ ከዚያ ያ የተረጋጋ ድምፅ፦ “ኩሽኔታው አርጅቶ ነው። ምንም አይደለም። ይጮኻል እንጂ አይገድልም፣ እስኪሞት ድረስ ተጠቀምበት።”

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ጆሮ!” ብሎ ጻፈ ፖስተኛው። የሞተን ሰው አመስግኖ ሄደ።

እኔ ያን ጊዜ ሁለት እጄ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ የተበሳ ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እፈልጋለሁ። እጄን አድርቄ ስልኬን ሳነሳ፣ ከምስጋናው በታች አንዲት መስመር ታየችኝ፦ ጆሮ ድምፅ እየቀዳ ነው።

አንብቤ አላመንኩም። ስልኩ የሱ እንደሆነ፣ የምትይዘውም ሚስቱ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ግን ሰውነቴ አላወቀም። መስመሯ ጠፋች። እንደገና መጣች፣ እንደገና ጠፋች፤ እዚያ ማዶ የሆነ ሰው ለመናገር አፉን ከፍቶ መልሶ የሚዘጋ ይመስላል። በኋላ ስንጠያየቅ ሁሉም ያቺን መስመር እያየ ነበር፣ አንድም የጻፈ አልነበረም።

ከዚያ ድምፁ መጣ። እሷ ናት።

“እኔ ነኝ፣ ሚስቱ ነኝ። ልጄ፣ አትሂድ! ያንን የተናገረው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። አጠገቡ ነበርኩ። ከኋላ የሚሰማው ዝናብ አይደለም፣ የኛ ማሽን ነው ውሃ ሲደፋ፤ የጠያቂውን ማሽን ከኛ ጋር ላወዳድር ብሎ አስነስቶት ነበር። ማሽን ቢጮህ ጎረቤት ይረብሻል። አንተ ላዩ ላይ ተቀምጠህበታል! ልጄ፣ ስማኝ፣ ውረድ ከሱ ላይ!”

ነገሩ እንደዚያ ነው። አንድ ቃሉ አልተሳሳተም፤ ለማጠቢያ ማሽን ሁሉም እውነት ነበር። ኩሽኔታ ኩሽኔታ ነው ብሎ መዝገብ ቤት አንድ ፈርጅ ውስጥ ከተተው፣ መልሱ ከጥያቄው ተለየ፣ እኛም የማን እንደነበረ ረሳን።

ለፖስተኛው ደወልኩ፤ አያነሳም። እየነዳን ስልክ አናነሳም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ጆሮ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ መፍቻዬን ኪሴ ከትቼ ሞተሬን አስነሳሁና በረርኩ። መዝገብ ቤት የደንበኛውን ግማሽ ፊት ላጭቶ፣ ግማሹን በሳሙና ትቶት ከኋላዬ ወጣ።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በየኩርባው ልጁን ወድቆ የማገኘው ይመስለኛል። የሞተሬ ድምፅ ውስጥ ጆሮ ይናገራል፤ “አይገድልም፣ አይገድልም” ይለኛል። ወዳጄ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ጠላሁት፣ ፈራሁትም።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አገኘሁት። ሞተሩን አቁሞ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ጋሼ ጆሮ ደወለልኝ” አለኝ።

እሷ ናት የደወለችው። መልእክቷን እንዳላየ ስታውቅ በባሏ ስልክ ደወለች። ልጁ ስልኩን የሚያስረው መሪው ላይ ነው፤ ማን እንደደወለ አይቶ ያልፋል እንጂ አይቆምም። የእኔንም አይቶ አልፏል። ያንን ስም ሲያይ ግን ፍሬኑን ያዘ።

የፊት ጎማውን አንስቼ በእጄ ወዘወዝኩት። እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል። ፈታሁት፤ ከኩሽኔታው ውስጥ ኳስ ሳይሆን ስብርባሪና ቀይ ዝገት መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ጎማው ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገደል ነው። መዝገብ ቤት ደርሶ መዳፌን ሲያይ መንገዱ ዳር ሄዶ አስመለሰው።

ያን ዕለት ከሰዓት ሦስታችንም እሷ ዘንድ ሄድን። እኔን ስታይ ስለ ሜትሩ ምንም አላነሳችም፤ ወንበር ሰጠችኝ። መዝገብ ቤት ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ።

“አንተ ምን አደረግክ?” አለችው። “ወደድከው። እኔስ ከዚህ ሌላ ምን አደረግኩ?”

ከዚያ ወደ ፖስተኛው ዞረች። “ስሙን ስታይ በጣም ፈራህ ልጄ?”

“አልፈራሁም እትዬ” አላት አንገቱን ደፍቶ። “እውነቱን ልንገርዎት? ደስ አለኝ። መጣ ማለት ነው አልኩ። የፈራሁት የእርስዎን ድምፅ ስሰማ ነው።”

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ባለው ጨርቅ ላይ ስታመላልስ ቆየች።

“እኔም እኮ እንደዚያ ብዬ ነው ያልዘጋሁት” አለች። “ለሰው ሁሉ ሲመልስ እሰማለሁ። አንድ ቀን መሃል ላይ እኔን ይጠራኛል እያልኩ እጠብቃለሁ። ስለ ፍሬን ያወራል፣ ስለ ፍሪጅ ያወራል። ይህን ሁሉ ሲያወራ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠራም። እጠይቀዋለሁ፣ አይሰማኝም። ባሌ ሰሚ ሰው ነበር። ይሄ የሚያወራው አይሰማም።”

ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። “ከዚህ ብሰርዘው ከሁላችሁም ይጠፋል?”

“ግሩፑን የከፈተው እሱ ነው፣ ይጠፋል።”

“እኔ ዘንድ ያለውስ?” አለ መዝገብ ቤት እንደመለመን ብሎ። “አንድ ብቻ ላስቀር። አንዲት፣ የሚስቅባትን።”

“አንድም አይቀርም። አንድ ከቀረ ሰው ያምነዋል።”

እጁን ኪሱ ከትቶ ስልኩን አወጣ። እያለቀሰ በየፈርጁ ያስቀመጠውን ሰረዘ፤ የፍሬኑን፣ የባትሪውን፣ የኩሽኔታውን። እሷ የመጨረሻውን እስኪጨርስ ጠብቃ በባሏ ስልክ ላይ ማጥፊያውን ተጫነችው። ድምፅ አልነበረውም። የጆሮ መልሶች አንድ በአንድ ከስልኬ ላይ ሲጠፉ አየሁ፤ የቀረው የእኛ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ጥያቄ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውን አዳመጠችው፣ ጭንቅላቷን ወደ ኩሽናው ዘንበል አድርጋ፣ የሆነ ነገር እንደሚመጣ ሁሉ። ምንም አልመጣም። ያኔ ጮኸች። በቀብሩ ቀን ያልወጣው እንባ ያን ቀን ወጣ፤ ሦስት ወንዶች ሆነን ልንይዛት አቃተን።

ጎረቤቶች በሩን በርግደው ገቡ፣ አንዷ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ።

“ምንድነው? ማን ሞተ?”

“ባሌ” አለች። “ባሌ ሞተብኝ።”