ውኃ የቋጠረችው ጀልባ

ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከችው የፋይበርግላስ ጀልባ መተማ ስትደርስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአያያዝ መመሪያ አብሯት መጥቶ ነበር። በአካባቢው እንግሊዝኛ የሚያነብ መምህሩ ብቻ ነው ተብሎ መመሪያው በፊርማ ተሰጠኝ። እኔም እንደ ተማረ ሰው በመደርደሪያዬ ላይ በክብር አኖርሁት። ገልጬ ግን አላየሁትም፤ በዚያን ጊዜ የማነበው ሁሉ ከጀልባ የከበደ ነበር።

ጀልባዋ ክረምቱን ሙሉ በሽተኛና የሰሊጥ አራሚ በጓንግ ወንዝ ላይ ስታሻግር ከረመች። ዝናቡ ሲያባራ የጀልባዋ ቀዛፊ ቤቴ ድረስ መጡ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ከወንዙ ዳር ተወልደው ያረጁ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ።

«ኡስታዝ፣ በጋውን የት ላኑራት? የእኛ ፀሐይ እንኳን ጀልባ ድንጋይም ይሰነጥቃል» አሉኝ።

መልሱን ቆላ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጊርባ የምንለው የውኃ መያዣ ቆዳ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ የመጥረቢያ እጀታም ካልራሰ ይወልቃል። እኔ ግን ይህን በአንድ ቃል መመለስ ለትምህርቴ የማይመጥን መስሎኝ ስለ ቁስ አካል ጠባይና ስለ እርጥበት ግማሽ ሰዓት ያህል አብራራሁላቸው። መጨረሻ ላይ «ውኃ ውስጥ ያኑሯት» አልሁ። አመስግነውኝ ሄዱ፤ ጓንግ በበጋ ተቆራርጦ ከሚተዋቸው ጥልቅ ኩሬዎች በአንዱ ድንጋይ ጭነው አሰጠሟት።

ሚያዝያ ላይ፣ ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ በጭነት መኪና ተጭና እንድትታይ ስትወጣ፣ ሆዷ በሙሉ ውኃ ቋጥሯል። በዚያ በሚያንጸባርቅ ነጭ ሽፋን ላይ ከምስር እስከ ስሙኒ የሚያህል እባጭ ተዘርቶበታል። አንዱን በጥፍሬ ብጫነው ፈነዳና ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ጣቴን አራሰው።

የወረዳው ካድሬ ጊዜውን በምርመራ የሚያባክን ሰው አልነበረም። «አሻጥር ነው!» አለ፤ ሽማግሌውም በዚያው ዕለት ታሰሩ። መመሪያውን የገለጥሁት ያን ጊዜ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ለዓይነ ደካማ እንኳ በሚታይ ወፍራም ፊደል፣ ጀልባዋ ሥራ ስትፈታ ከውኃ ወጥታ በደረቅ ስፍራ ትቀመጥ ይላል። ያለበለዚያ ውኃው በሽፋኑ ሰርጎ ያሳብጣታል።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርሁ።

«ማን ነው አስጥማት ብሎ የመከረህ?» አለ ካድሬው፣ ሽማግሌውን አንተ እያለ። በዕድሜ ልጃቸው ነበር።

«ጊርባ አይድረቅ ብሎ የመከረኝ አባቴ ነው። መቃብሩ እዚያ ማዶ ነው፤ ሂዱና እሰሩት።»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልተመለከቱም።

«ምናልባት የፋብሪካው ጉድለት ቢሆንስ?» አለ አንድ የገበሬ ማኅበር አባል።

«ወዳጅ አገር ጉድለት አይልክም!» አለ ካድሬው።

ፋብሪካው በዚህ ነጻ ወጣ። ለወንዙ የሚበቃ እስር ቤት አልነበረንም። የቀረነው ሽማግሌውና እኔ ነበርን፤ እኔ ደግሞ ብዕር ይዣለሁ።

«ጓድ መምህር፣ መጽሐፉ ምን ይላል?»

ተነሣሁ። መናገር የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእርሱ ፈንታ ሃያ ያህል ተናገርሁ። እባጩ ይከፈታል፣ እስከ ጤነኛው ድረስ ይፋቃል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ለሳምንታት ይደርቃል፣ ከዚያም በሙጫ ይደፈናል አልሁ። ይህን ሥራ ጀልባዋን ከሚያውቅ እጅ በቀር ማንም አይችለውም ብዬም ጨመርሁ። ይህ የመጨረሻው መመሪያው ውስጥ አልነበረም፤ ድፍረቴም እዚያ ላይ አለቀ።

ካድሬው ራሱም ክረምት ሲገባ ጓንግን መሻገሩ ስለማይቀር ተስማማ። ሽማግሌው እንዲፈቱ፣ ጀልባዋን እንዲጠግኑ፣ ጠግነው ሲጨርሱ ከቀዛፊነታቸው እንዲሰናበቱ ተወሰነ።

ገልብጠናት በብርጭቆ ወረቀት አብረን ፋቅናት። ያደረቀልን ያው ከእርሱ የሸሸግናት ፀሐይ ነው።

«ኡስታዝ፣ ያ መጽሐፍ መቼ መጣ?» አሉኝ አንድ ቀን፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

«ከጀልባዋ ጋር።»

«አሃ።» ጥቂት ፋቁ። «ደህና አድርገው ይዘውታል። አልቆሸሸ፣ አልተቀደደ፤ ሰው የነካውም አይመስል።»

ሰኔ ላይ ጀልባዋ ወንዝ ስትገባ መቅዘፊያውን የያዘው የካድሬው የአክስት ልጅ ነበር። ሽማግሌው ዳር ቆመው የእባጮቹን ጠባሳ በዓይናቸው ተከተሉ፤ እኔ ተሳፍሬ ተሻገርሁ።

ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። «ምክር የሰጠ ሰው፦ የለም» ይላል። የእጅ ጽሑፌ በዚያ ዘመን እጅግ ያማረ ነበር።