ፊታቸውን መሳል ያቃተኝ ሰው

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ውስጥ የቤት ፕላን እየነደፍኩ በምተዳደርበት ጊዜ ነው። ብዙ ቤት ነድፌ ብዙውን ረስቻለሁ። የኦቦ ቶለሳን ቤት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የአርክቴክት ቢሮ ሊቀጥረኝ አስቦ ኃላፊው፣ «ሥራዎችህን በአልበም አደራጅተህ አምጣ። ንድፉንና ተሠርቶ ያለቀውን ቤት ጎን ለጎን ልየው» አለኝ።

ጥቁር ካርቶን ቆርጬ ገጾቹን አበጀሁ። በስተግራ ንድፉን ለጠፍኩ፤ በስተቀኝ ለፎቶው ክፍት ቦታ ተውኩ። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል እያልኩ ስንቴ እንዳገለባበጥኩት! በመጨረሻ የመጀመሪያውን ገጽ ለኦቦ ቶለሳ ቤት ሰጠሁት። ከነቀምት ወጣ ብላ በምትገኘው ኡኬ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ የሆነ ቤት ነው። ከሥራዎቼ ሁሉ የምኮራው በእሱ ነበር።

ኦቦ ቶለሳ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ነቀምት ገበያ አግኝቻቸው ቤታቸውን ፎቶ ላስነሳ እንደምመጣ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው።

«እኔም አብሬ እነሳለሁ» አሉኝ። «በዕድሜዬ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ይታወቅ እንጂ!»

ከዚያ ዝናቡ ያዘን። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አላሳልፍ አለ። ሰማዩ ሲከፍት ጌታቸው የሚባል ፎቶ አንሺ ይዤ ወደ ኡኬ ሄድኩ።

ከመኪና እንደወረድን ከግቢው መዝሙር ሰማን። ድግስ መሰለኝ። ጠጋ ስንል ግን ሰዉ አንገቱን ደፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ የቆመውን ጎረቤት ጠየቅኩት።

«ኦቦ ቶለሳን ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። «ልቤን እንዳሉ ነው የሄዱት።»

ጌታቸው ካሜራውን ኮቱ ስር ሸሸገ። ገብተን ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥን። ስለ ፎቶው ትንፍሽ ሳልል ተሰናብቼ ልወጣ ስል ባለቤታቸው አዴ አያንቱ ጠሩኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ እኮ ሲጠብቅህ ነበር» አሉኝ። «ካፖርቱን አሳጥቦ ሰቅሎት ነበር። አሁን መልኩን የምናይበት አንድ ነገር የለንም። አንተ መሳል ታውቃለህ፤ ፊቱን ሳልልኝ።»

«አዴ፣ እኔ የማውቀው ቤት መሳል ብቻ ነው።»

«ቤቱ ሲሠራ ስንት ቀን አብረኸው ውለሃል። ታውቀዋለህ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ ወረቀት ዘረጋሁ። በግንባራቸው ጀመርኩ፤ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ደገምኩት፤ አፋቸው አልመጣልህ አለኝ። ዓይኔን ስጨፍን ድምፃቸው ይሰማኛል፤ መልካቸው ግን ይሸሸኛል። እርሳሱን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ግድግዳው የቆመ ቀን ያየኋቸው ትዝ አለኝ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ቤቱን ቆመው ሲመለከቱ። እንደዚያው አድርጌ ሳልኳቸው።

አዴ አያንቱ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ከዚያ በጣታቸው እየዳሰሱት፣ «ይህ ትከሻ የሱ ነው» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ምነው ዞር ቢልልኝ» አሉ።

ቤቱን ፎቶ እንድናነሳ ፈቅደውልን ነበር። ጌታቸው ካሜራውን አወጣና አየኝ፤ እኔ በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። መልሶ ከተተው። አልበሙን ያለዚያ ቤት አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሥራውንም አገኘሁ።

ከዓመታት በኋላ በኡኬ ሳልፍ ወደ ቤቱ ጎራ አልኩ። አዴ አያንቱ አርፈዋል። ሥዕሉ በመስታወት ተደርጎ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። የልጅ ልጆቻቸው አያታቸውን የሚያውቁት በጀርባቸው ነው።

ያ ዝናብ ትንሽ ቀደም ብሎ አባርቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።