ጥፋተኛ የሌለው ሕመም

መጀመሪያ ያየሁት ብልዘት ነው። የልጅ ልጄ ማስተዋል ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዳንግላ አጠገብ ባለው ቤታችን ደጃፍ እግሯን ሳጥባት ጭኗም ቅልጥሟም በልዞ አገኘሁት። ከዚያ በፊት ድዷ ሲደማ ጥርስ እየቀየረች ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ድካሟንም ስንፍና ብዬዋለሁ። ብልዘቱን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ማን መታሽ አልኳት። ማንም አለች። እንደገና ስጠይቃት የቀርቀሃው አጥር ላይ ወድቄ ይሆናል አለች። እኔ የጠየቅሁትን ሳላገኝ የማልተው ሴት ነኝ። መምህር አዱኛ ነው አይደል እያልኩ ስጨቀጭቃት ዋልኩ። መሸት ሲል አዎ አለች።

በማግሥቱ ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፈ ደረስኩና መምህሩን በልጆቹ ሁሉ ፊት ሰደብኩት። ወጣት ነው፤ ግን በስድብ አልመለሰልኝም።

«እማማ፣ እጄን አላነሳሁባትም። ልጅቷ ግን ጠረጴዛ ላይ እየተኛች ነው፤ ሐኪም ያሳዩአት» አለኝ።

ምክርህን ለራስህ አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። ያንን ሳምንት ሐኪም ቤት መሄድ ሲገባኝ መምህሩን ልከስ ቀበሌ ስመላለስ ፈጀሁት። ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። እንጅባራ ሆስፒታል ደሟን አዩና ሪፈር ጽፈው ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እናቷ አራስ ስለነበረች አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። የመቅኔ ምርመራ አደረጉላት። ዶክተሯ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ ይባላል። የደም ካንሰር ነው። ይታከማል፤ ግን ረጅም ነው።»

ብልዘቱስ አልኳት።

«ደም የሚያቆመው ፕላትሌት ሲያንስ፣ ሰው ሳይመታም ይበልዛል።»

ሳይመታም።

አላለቀስኩም። ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመርኩ። ምግቡ ነው? ብርዱ ነው? የሰው ዓይን ነው? የእናቷ እርግዝና ነው? ዶክተሯ ሁሉንም ሰምታ፣ ማንም አላመጣውም አለችኝ። ድንበር ሲገፋ፣ ዶሮ ሲጠፋ በዳዩን ሳላገኝ ቀርቼ አላውቅም። ለዚህኛው የምከሰው አጣሁ።

ኬሞቴራፒው ተጀመረ። ፀጉሯ ረገፈ። አፏ ቆሰለ። አላለቀሰችም። ነርሶቹ ጀግና አሏት፤ እኔም ኮራሁ። ሞኝነቴ።

አንድ ቀን ነርሷ ክንዷን ገልጣ ስታይ ደነገጠች። መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ወጥቶ ክንዷ አብጧል። ማስተዋል ጥርሷን ነክሳ ዝም ብላለች። ወዲያው አቆሙት፤ ክንዷ ተረፈ። ዶክተሯ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ሕመሟን ካልነገረችን ልናድናት እንቸገራለን። ለምን እንደምትደብቅ እርስዎ ይወቁልን፤ ግን አይጫኗት።»

አይጫኗት ማለት ለእኔ ከባድ ትእዛዝ ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ጥያቄ አላነሳሁም። መምህርሽን ያለ ጥፋቱ ሰድቤዋለሁና አፍሬያለሁ አልኳት። ሌላው እንዳይሰማ አፍ በፈታችበት በአዊኛ፣ በጆሮዬ፦

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። እግዜር እየቀጣኝ ነው። ዝም ብዬ ከቻልኩት ይምረኛል።»

ስምንት ዓመቷ ነው። ይህን ለብቻዋ ተሸክማ ነበር።

«አንቺ አላጠፋሽም፤ ያስዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። ዶክተሯም መጥታ ይህ በሽታ ቅጣት እንዳልሆነ በልጅ ቋንቋ አስረዳቻት። ማስተዋል ሰማች፤ ግን አላመነችም። መምህሩ ምሮኛል ወይ ብቻ አለች።

በሕክምናው መሃል ለእረፍት ወደ ቤት ሲለቁን፣ የንስሐ አባታችንን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስለ ሕመሟ ሰምቶ ነበርና መምህሩ ገና ሲያየኝ ይቅር ብያለሁ፣ ይግቡ አለኝ። አልገባሁም። የሰደብኩህ በሰልፉ ፊት ነው፣ ይቅርታውም እዚያው ነው አልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ተመልሼ፣ በተሰለፉት ልጆች ፊት፣ መምህራችሁ አልመታም፣ የዋሸችም ልጄ አይደለችም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። በዚያን ቀን የሳቀ ልጅ የለም።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቤታችን መጣ። የሰው ንክኪ ተከልክላ ስለነበር ማስክ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«ማስተዋል፣ እኔ አንቺን አልተቀየምኩም። የሰባትን ብዜት ሳትጨርሺ መሄድሽን ግን ገና አልማርኩሽም።»

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋን ሰማሁ።

ወደ ሆስፒታል ተመልሰን ነርሷ መርፌውን ስታስገባ ማስተዋል ጮኸች፤ ክፍሉ እስኪሰማ አለቀሰች፤ እዚህ ጋ ያመኛል ብላም አሳየች። በልጅ ልቅሶ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁለት ዓመት በላይ ተመላለስን፤ ክፉ ቀንም ደግ ቀንም አየን። አሁን መድኃኒቱን ጨርሳ ለክትትል ብቻ እየሄድን ነው፤ ፀጉሯም ከበፊቱ ይልቅ ተጠቅልሎ ወጥቶ ማበጠሪያ እያስቸገረኝ ነው። ክፍሉ ውስጥ አብረውን ከነበሩት ልጆች ሁሉም አልተረፉም፤ ለእናቶቻቸው ስል ድኛለች የሚለውን ቃል ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገረዋለሁ።

ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ሳትሰለች የመለሰችልኝን ዶክተር፣ ነርሶቹን፣ በየእረፍቱ በር ላይ ቆሞ ያስተማራትን መምህር፣ ጠበሉን ሐኪሟን ጠይቃችሁ፣ መድኃኒቱንም ሳታቋርጡ አድርጉ ያሉንን የንስሐ አባታችንን አመሰግናለሁ።

እናንተ አሁን በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ ዝም ሲል ጎበዝ ነው ብላችሁ አትለፉት። ፍርሃታችሁን በሰው ላይ አታውርዱ፤ ካወረዳችሁም በሰደባችሁበት ቦታ ይቅርታ ጠይቁ፤ ልጁ ያያችኋል። ከሁሉ በላይ፣ ሳይጠይቃችሁ በፊት፣ አፍ በፈታበት ቋንቋ፣ አላጠፋህም በሉት። አንዴ ብቻ ማለት አይበቃም። እኔ ለክትትል በሄድን ቁጥር ለማስተዋል እላታለሁ። «እምዬ፣ ሰምቻለሁ እኮ» ትለኛለች። እኔም እንደገና እላታለሁ።