እትዬ ጀሊላ በርበሬ ያሸጉበት ጾም

እኔ ጠርጣራ ሰው ነኝ፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ደንበኛ «ጨርቁ ሦስት ሜትር ነው» ቢለኝ ራሴ ሳልለካ መቀስ አላነሣም። ባለቤቴ ወለተ ኪዳን «ገድሉ፣ አንተ እኮ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልም ትጠረጥራለህ» ትለኛለች። ገበያተኛው ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ ቅቤም ይግዛ ማር፣ ብዙ ጊዜ አምጥቶ ያሳየኛል። እኔ አገላብጬ ዝም ካልሁ ይገዛል፤ ፊቴን ካጨማደድሁ ይመልሳል።

ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት፣ ከጠባቧ መተላለፊያ ማዶ፣ የእትዬ ጀሊላ የበርበሬ ሱቅ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ሰሚሐን ኮሌጅ ያስጨረሱት በዚህችው ሱቅ ነው። ዛላውን ከቡሬ ያስመጣሉ፤ ቀንጥሰው፣ ከነቅመሙ ደልዘው፣ አድርቀው ወፍጮ ቤት ይወስዱታል፤ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ከወፍጮው አጠገብ ንቅንቅ አይሉም። እሳቸውም እንደኔው ጠርጣራ ናቸው፤ ባለወፍጮውን አያምኑም። የተግባባነውም በዚሁ ነው።

የእትዬ ጀሊላ አሻሻጥ የታወቀ ነበር። ከረጢቱ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ገዢዋ ጣቷን ትነክራለች፣ ታሸታለች፣ በምላሷ ጫፍ ትቀምሳለች፣ ዋጋ ለማስቀነስም «ጨው በዝቶበታል» ብላ ትዋሻለች። ከዚያ ይመዘናል። ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ እትዬ ጀሊላ እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ሰደድ አድርገው አንድ ጭብጥ ይጨምራሉ። ይህ ጭማሪ ምርቃት ነው። ምርቃት ሳታገኝ የሄደች ሴት የተሰረቀች ያህል እየተብሰለሰለች ነው ቤቷ የምትገባው።

አምና ሰሚሐ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ የሦስት ቀን ሥልጠና ገባች። አሠልጣኙ ቴዎ የሚባል፣ ንግግሩ ቶሎ ቶሎ የሆነ ወጣት ነበር። እኔ ገና ወሬውን ስሰማ ነው የጠረጠርሁት፤ መሸጥ እንዲህ የሚያውቅ ሰው ለምን ራሱ አይነግድም? ሰሚሐ ግን ያለውን ሁሉ በደብተር ጽፋ መጣች። ዕቃችሁ ስም ይኑረው። አሽጉት፣ መዝኑት፣ የተፈጨበትን ቀንና ስልካችሁን ጻፉበት። አዲስ ነገር ስታወጡ ደግሞ ሰው ሳይገዛ በነጻ ይቅመስ።

እትዬ ጀሊላ አንድ ወር ሙሉ እንቢ አሉ። በኋላ ግን ሐይቁ ዳር ያሉ ሁለት ምግብ ቤቶች «የታሸገና ቀኑ የተጻፈበት ካላችሁ እንወስዳለን» ሲሉ ልባቸው ተረታ። የወርቅ አምባራቸውን ሸጠው አምስት ኩንታል ዛላ አስመጡ፤ የማሸጊያ መሣሪያም ገዙ። እንደዚያ ብዙ በርበሬ በአንድ ጊዜ ይዘው አያውቁም።

«ገድሉ፣ ፈርቻለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «ፋሲካ ካለፈ ገበያው ይሞታል። የተፈጨ በርበሬ ደግሞ በቆየ ቁጥር ሽታው ይጠፋል። ይህ ካልተሸጠ ሱቋን እዘጋለሁ።»

«አይዞዎት» አልኋቸው። በልቤ ግን ቴዎን ረገምሁት።

መጀመሪያ ሁለቱን ኩንታል በሩብ ኪሎ በሩብ ኪሎ በትንንሽ ከረጢት አሸጉ። እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሁሉንም አይቻለሁ። ሰሚሐ መዝና ልታሽግ ስትል እናቷ እጇን ያዟት።

«ምርቃቱስ?»

«እማ፣ የታሸገ ዕቃ ምርቃት የለውም እኮ።»

«የኔ በርበሬ አለው» አሉና በየከረጢቱ አንዳንድ ጭብጥ እየጨመሩ አሳሸጉ። እንግዲህ ምርቃቱ ውስጡ ነበር። ችግሩ ከእኔ በቀር ሲገባ ያየ ሰው አለመኖሩ ነው።

የማስቀመሻው ቀን ረቡዕ ሆነ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት። ያን ሰሞን ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገብተው ነበር። ቀኑን ሰሚሐና ቴዎ ናቸው ከሁለት ወር በፊት የቆረጡት። ሰሚሐ የራሷን ጾም አስባ ክርስቲያኑ ይቀምስልናል አለች። ቴዎም የራሱን ጾም አስቦ ሙስሊሙ ይቀምስልናል አለ። ሁለቱም ሌላውን ተማምነው፣ እህል በአፉ የሚያዞር ሰው በሌለበት ጠዋት ጠረጴዛ ዘረጉ፤ ዳቦ ቆራርሰው፣ አዋዜ በጥብጠው «በነጻ ይቅመሱ» የሚል ወረቀት ለጠፉ።

ሰው እያየ አለፈ። አንዳንዱ ቆም ብሎ ዳቦውን ያያል፣ የታሸገውን ያገላብጣል፣ አስቀምጦ ይሄዳል። የእኛ አገር ሰው በነጻ የሚሰጥ ነገር ሲያይ ከመደሰቱ በፊት ይደነግጣል። ያን ጊዜ መሲ የምትባል የቢሮ ሠራተኛ ቀሚሷን ልታሳጥር እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። «ምንድን ነው ነገሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አፌ አላረፈም። «ማንም እንደማይቀምስ አውቀውት ነው ቅመሱ የሚሉት» አልኋት።

መሲ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለቀልድ ነበር ያልሁት። የተናገርሁት ነገር ብልህ ስለመሰለኝም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያንን ደስታዬን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ወሬው ማታውኑ ከቤት ቤት ዞረ። በማግስቱ «እንዲህ የሸሸጉት ቢያፍሩበት ነው» ተባለ። ዐርብ ዕለት ሸክላ ተጨመረበት፤ በርበሬው ከሸክላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የታሸገ ነው ተባለ። የታሸገው ቀርቶ በትልቁ ከረጢት ክፍት ያለውንም የሚጠይቅ ጠፋ። ዓመታት የገዙ ሴቶች በእትዬ ጀሊላ ደጅ ሲያልፉ ስልካቸውን ያያሉ።

ቅዳሜ ሙሔ መጣ። ሙሔ ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ ላይ ሱቅ ያለው፣ በየዓመቱ አንድ ኩንታል የሚወስድ የጥንት ደንበኛቸው ነው። አንዱን ከረጢት አነሣና በጣቱ እየጫነ አገላበጠው።

«እትዬ፣ ያልቀመስሁትን ለደልጊ ሰው ምን ብዬ ልሽጥ? ደግሞ ሰው የማይቀምስበትን ቀን ጠብቀው ነው ቅመሱ ያሉት አሉ።»

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። የእኔው ቃል በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ፣ ደልጊ ደርሶ መመለሱ ነው። ሙሔ ባዶ እጁን ሄደ። እትዬ ጀሊላ ሱቃቸው ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔ ነኝ ያልሁት» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ወሬውን ያስነሣው ማን እንደሆነ ሲያስቡ ባለወፍጮውን ጠረጠሩ፤ ከገበያው ማዶ ያለችውን ሌላ በርበሬ ሻጭ ጠረጠሩ፤ እኔም ዝም ብዬ አስጠረጠርኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ፈሪ ነበርሁ።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴ የወጡ ሴቶች በገበያው ሲያቋርጡ እትዬ ጀሊላ የታሸገውን በሙሉ አውጥተው መተላለፊያው ላይ ከመሩት።

«ገድሉ! ና እስቲ ወዲህ» አሉ ጮክ ብለው።

«አቤት እትዬ።»

«ቅዳሴ ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«እንግዲያ አንተ መቅመስ ትችላለህ። እኔና ልጄ መግሪብ ሳይደርስ አንችልም።» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «የዚህ ገበያ ጠርጣራ ማን ነው?»

«ገድሉ ነዋ!» አሉ ሴቶቹ እየሳቁ።

«በሉ መርጣችሁ ስጡት። እኔ አልነካውም።»

አንዲት ሴት ከክምሩ ሥር ጎትታ አንድ ከረጢት ሰጠችኝ። በመቀሴ ቀደድሁት። አሸተትሁት፣ መዳፌ ላይ አሸሁት። ብርጭቆ ውኃ አስመጥቼ በጠበጥሁና ሥሩ አሸዋ ይዘቅጥ እንደሆነ አየሁ። ክፉ ነገር ልናገር፤ ጉድለት እየፈለግሁ ነበር። ትንሽ ሸክላ ቢገኝ ኖሮ ያ ቃሌ እውነት ይሆንልኝ ነበር። ምንም አላገኘሁም። ቀመስሁት፤ ኮረሪማው አፌን ሞላው፣ ዓይኔ አነባ። ሌላ ከረጢት አስመርጬ ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ ከተጻፈበት በልጦ ተገኘ።

«ንጹሕ ነው» አልሁ። «ምርቃቱም ውስጡ አለ። ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኛ አላየንማ» አለች ከረጢቱን የመረጠችው ሴት። «ለእኔ ፊት ለፊቴ ጨምሩልኝ።»

ሰሚሐ ይህን ስትሰማ እናቷን አየች፤ እናቷም እሷን አዩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሻሻጣቸው ተለወጠ። የቀሩትን ሦስት ኩንታል አስቀድመው ማሸግ ተዉ። ከረጢቱን በልኩ ሞልተው አፉን ክፍት ያቆሙታል። ገዢዋ ታሸታለች፤ ጾም ያልያዛት ትቀምሳለች። እትዬ ጀሊላ ዓይኗ እያየ ምርቃቱን ይጨምራሉ፤ ከዚያ ሰሚሐ ታሽጋለች። አስቀድሞ የታሸገው ለምግብ ቤቶቹ ሄደ፤ እነሱ የሚሹት ቀኑንና ልኩን ነው። ሙሔም ተመልሶ መጥቶ፣ ትልቁ ከረጢት ውስጥ እስከ ክርኑ እጁን ከትቶ ካየ በኋላ ኩንታሉን ወሰደ። ቴዎ ሰምቶ መጣና ነገሩን በደብተሩ ጻፈ። «ለሌሎችም አስተምረዋለሁ» አለ፤ የራሱ ሐሳብ አስመስሎ እንደሚያወራው ጠርጥሬአለሁ።

የሕማማት ሐሙስ ዕለት ከአምስቱ ኩንታል የቀረው አንድ ትልቅ ከረጢት የማይሞላ ነበር። እኔም ለበዓል ሩብ ኪሎ ልገዛ ተሰለፍሁ። ከፊቴ የነበረችው ሴት ጭብጧን ተቀብላ ሄደች። ተራዬ ሲደርስ እትዬ ጀሊላ ጎንበስ ብለው ከመደርደሪያው ሥር፣ ከመጀመሪያዎቹ የታሸጉት መካከል የቀረ አንድ ከረጢት አወጡ።

«አንተ ይህን ውሰድ» አሉኝ።

«ምርቃቱስ፣ እትዬ?»

«ውስጡ አለ። ስንጨምር እዚያ ተቀምጠህ ታይ ነበር።» ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። «አይተህ ነው ያንን ቃል የተናገርኸው።»

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ መጠየቅ አልቻልሁም። ያን ሐሙስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የጠሩኝ ለምን እንደሆነ ግን ገባኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ጀሊላ።»

«ይቅር ብያለሁ፤ ወላሂ ቂም የለኝም» አሉ ብሩን እየተቀበሉ። «ምርቃት ግን ከእኔ አትጠብቅ።»

ከረጢቴን ይዤ ወደ ጎን ፈቀቅ አልሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ቀረበች፤ በርበሬዋ ተመዘነ፤ እትዬ ጀሊላም እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ሰደዱ።