መኪናዋ አርባ አንድ ስትል

ባለታክሲዋ በሳምንት ያላትን አንዲት የእረፍት ቀንም መሪ ይዛ ዋለች። ወገቧ ደንዝዟል፣ ዓይኗ ይቆጠቁጣል። ግን አክስቷ ታማለች፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት ብለዋል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። እናቷ ደግሞ፣ የባሌ ቀብር ላይ አልቆመችም ብላ ይህችኑ እህቷን ካኮረፈች ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ ለምና፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳም ጭምር፣ በስንት መከራ ነው መኪናው ውስጥ ያስገባቻት።

መንገዱ ተዘጋግቶ እንደ ኤሊ ሲያዘግሙ ቆዩ። በመጨረሻ መኪናው አክስቷ ቤት በር ላይ ሲቆም እናት መውረዱን ትታ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ላይ አፈጠጠች።

«አርባ አንድ ይላል! አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሙቀት ልታወርጂኝ ነው? እህቴን ልጠይቅ ነው ወይስ ልቀድማት?»

«እማዬ፣ ውጭው እንደዚያ አይሞቅም። መስኮቱን ክፈቺና እይው።»

«አልከፍትም። ካንቺ መኪናሽን አምናለሁ።»

ባለታክሲዋ መሳቅ አማራት፤ አቅም አጣች። እሷም አንድ ሰሞን ይህን ቁጥር አይታ፣ መለኪያው ተበላሽቷል ብላ መኪናውን ጋራዥ ወስዳው ነበር። መካኒኩ ሆዱን ይዞ ከሳቀባት በኋላ ነው ያስረዳት። ከመኪናው የፊት መከላከያ ጀርባ ሙቀት የምትለካ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ተሰክታለች። ሲሞቃት ኤሌክትሪኩን እንደ ልብ ታሳልፋለች፣ ሲበርዳት ትሰስትበታለች፤ ኮምፒውተሩም ያንን አይቶ ቁጥር ያወጣል። መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ስለሚመታት የውጭውን አየር በትክክል ትናገራለች። ሲቆም ወይም ሲያዘግም ግን የሞተሩ ትኩሳት ይደርስባታል፤ ያኔ የምታወራው የሞተሩን ነው።

«የሞተሩ ሙቀት ነው፣ እማዬ። ትንሽ ብንነዳ ይቀንሳል።»

«እንግዲያው ንጂያ! ሲቀንስ እወርዳለሁ።»

ልጅ አልተከራከረችም። የመኪናውን አፍ አዙራ ሰፊው መንገድ ላይ ወጣች። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ አራት። እናት ከቁጥሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ባለታክሲዋ የሚቀጥለውን ሰበብ እየጠበቀች ነበር፤ ጉልበቴን አመመኝ፣ ነፋሱ አይሆነኝም፣ ምሳ ሰዓት ነው የሚል። ለሁሉም መልስ ማዘጋጀት እንኳ ደከማት።

ሃያ ሰባት ሲል እናት ቀስ ብላ፣ «ከስታለች?» አለች።

«በጣም።»

«ድሮም እህል አትወድም። እኔ ነበርኩ እየተቆጣሁ የማጎርሳት።» ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ዓይኗ ላይ አሳረፈች። «መልሺኝ በይ። ምን ታዞሪኛለሽ?»

ሲመለሱ እናት መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን ከፈተችው። የአክስቷ አልጋ መንገድ ዳር ባለው መስኮት ሥር ነበርና የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ደግሞ ማን እንዲሆን ፈልገሽ ነው?»

ከውስጥ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር መጣ። እናት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

ባለታክሲዋም ተከትላ መግባት ነበረባት። ድካሙ ግን አላስነሳት አለ። ሞተሩን አጠፋች፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችና ዓይኗን ጨፈነች።